ያስጻፈችው እሷ ናት

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

የጤና ጣቢያዋ ነርስ «እንቅልፍ እምቢ ሲልዎት ሁለት ሦስት መስመር ይጻፉ» ብላኛለች። ምን እንደሚጻፍ ግን አልነገረችኝም። ስለ ልጄ ልጽፍ ብዬ ተቀመጥኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ የዛሬውን ወሬ ልጻፍ።

ስፌት ቤት የምረቃ ጋዋን እጅጌ እየገጠምኩ ሬዲዮ ጮኸች። ሬዲዮ የምንላት ቁልፍ የምትተክለውን ባልደረባችንን ነው፤ ከእውነተኛው ሬዲዮ ቀድማ ስለምታወራ።

«ሰማሽ? እህትሽ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ!»

«ሆኑ» አለች። ታናሼ ከምክር ቤት ከወጣች ወዲህ «እህትሽ ሥራ ፈታች አሉ» ስትለኝ የከረመች ሴትዮ። አለቃችንም ከመቁረጫው ጠረጴዛ ቀና ብሎ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ እንግዲህ የጋዋኑ ሥራ ከእጃችን አይወጣም» አለ።

ደስ ብሎኛል አልኩ። ወዲያው መርፌው ጣቴን ወጋኝ። መኪናው ዘይት ይፈልጋል።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ሥራ በዝቷል። ታናሼ ደወለች። እጄ ጨርቅ ላይ ስለነበር አላነሳሁም። እንደገና ደወለች። አሁንም ጨርቅ ላይ ነበር።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

መጣች። መኪናውን ከሩቅ አቁማ በእግሯ ነው የገባችው፤ ሰፈሩ ግን ማንነቷን ለማወቅ መኪና አያስፈልገውም። ከበር እስከ በር «እንኳን ደስ አለዎት» ሲሏት ሰማሁ። ልጄ ከሞተ ወዲህ ወደኛ በር ድምፁን ከፍ አድርጎ የመጣ ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀልድ ግን ጡረታ አልወጣም። ብድግ ብሎ እጅ ነሣና «ክብርት ሆይ፣ ሲቀመጡ ይጠንቀቁ፤ የዚህ ወንበር አንዱ እግር ተቃዋሚ ነው» አላት። ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ።

«እትዬ፣ የሹመት ጋዋኔን ሌላ ሰው እንዲሰፋው አልፈልግም» አለችኝ።

«ስፌት ቤቱ ክፍት ነው፤ ለማንም ይሰፋል።»

«ስፌት ቤቱን አይደለም፤ አንቺን ነው የጠየቅኩሽ።»

ለካኋት። ከወገቧ አራት ጣት ያህል ጎድሏል። ሥልጣን ያወፍራል ሲባል ነበር የምሰማው፤ እሷን አክስቷታል። ሜትሩን ስጠቀልል ዞር ብላ በመስኮቱ በኩል ያለውን የልጄን ወንበር አየችና አለቀሰች። በኔ ቤት፣ በኔ ልጅ ወንበር፣ እኔ እንባዬን ውጬ ቆሜ፣ እሷ አለቀሰች። ባለቤቴ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋታል። እኔ ሻይ አፈላሁ። ስኳሩን ረሳሁት።

ሚያዝያ 19፣ እሁድ ማታ

ባለቤቴ ያንኮራፋል። ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

አባታችን አንድ ልጅ ብቻ ነበር የማስተማር አቅሙ። እኔ ስምንተኛን ስጨርስ እሷ አንደኛ ክፍል የምትገባበት ጊዜ ደረሰ። እኔ ወደ ስፌት ቤት፣ እሷ ወደ ትምህርት ቤት። የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያልሰፋሁላት ነገር የለም። መምህርት ስትሆን ቀሚስ፣ ለምክር ቤት ስትወዳደር ሰማያዊ ኮትና ጉርድ። በቅስቀሳው ጊዜ ሰው ሁሉ «ሰማያዊዋን ነው የምንመርጠው» ይል ነበር። «እንግዲያው የመረጡት የኔን ኮት ነው» ብዬ ቀለድኩ። ቀልድ ነበር።

ሦስት የምርጫ ዘመን ተቀመጠች። በመጀመሪያው የኋላ ወንበር ላይ ነበረች። አንድ አንጋፋ አባል በስብሰባ መሃል «ልጄ፣ እስቲ ሻይ አምጪልን» ቢሏት «ክቡርነትዎ፣ አስቀድሞ አጀንዳ ይያዝልኝ» አለቻቸው፤ በማግስቱ አገሩ ሁሉ እየደጋገመ ሳቀ። በሁለተኛው የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነች። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ደጅ እንዳያድር የወጣው የማደሪያ ሕግ የሷ ነው። በሦስተኛው በማታ ተምራ ዶክትሬቷን ያዘች። ከዚያ «በቃኝ» ብላ አልተወዳደረችም። ሰው ከወንበር በሰላም ሲነሣ አይታመንም፤ «ምን አይታ ነው?» ተባለ። ይኸው፣ ምን እንዳየች ታወቀ አሉ አሁን።

ይህን ሁሉ ልጄ በቃሉ ያውቀው ነበር። የምክር ቤቱ ክርክር በሬዲዮ ሲተላለፍ ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማል። «እማዬ፣ መኪናውን ለአንድ ደቂቃ ያቁሙልኝ፤ አክስቴ ልትናገር ነው» ይለኛል። ሥራ ወደ ቤት ስለማመጣ የስፌት መኪናዬ እስኪመሽ ይጮሃል። አቆምለታለሁ። የሰማሁት የእህቴን ድምፅ ነበር፤ ያየሁት ግን የሱን ፊት ነው።

ያቁሙልኝ ነው የሚለኝ። እኔ እናቴን እርስዎ ብዬ አድጌ ልጄንም እንደዚያው አሳደግሁት። አባቱ «ሹፌርን እርስዎ የሚል ተሳፋሪ የለም፤ አንተ በለኝ» ብሎ ለቀቀው። አክስቱም «እርስዎ ስትለኝ ምክር ቤት የተቀመጥኩ ይመስለኛል» ብላ ለቀቀችው። ቀረሁ እኔ። በአንድ ገበታ ላይ «አንተ ጨው አቀብለኝ፤ አንቺ ውሃ ቅጂልኝ፤ እማዬ፣ እርስዎ ይብሉ እንጂ» ሲል የሚሰማኝ ኩራት ነበር። ኩራት ነው ብዬ ነበር የያዝኩት።

አሁን ሳስበው፣ አንቺ የሚላት ሴት ዘንድ ሄዶ ይስቃል። እርስዎ የሚላት ሴት ዘንድ መጥቶ ይበላል፣ ይተኛል።

በመጨረሻዋ ሌሊት እንኳ የጠራው እሷን ነው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ። ይህን ግን አልጽፈውም።

«አንቺ፣ ተኚ እንጂ» አለኝ ባለቤቴ ሳይዞር። ለካ አላንኮራፋም ነበር።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ጋዋኑ አለቀ። ትከሻው ላይ ያለውን ሽብሽብ በእጄ ነው የሠራሁት፤ በመኪና ይሞታል። ገበሩ ወይን ጠጅ ነው። ኮሌታው ትንሽ ጠበብ አለ። ጨርቁ ነው።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

የሹመቱ በዓል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ይንሾካሾካሉ።

«ዶክትሬቱ እኮ የማታ ነው።»

«የማታም ይሁን የቀን፣ ሕግ ማውጣትና ዩኒቨርሲቲ መምራት አንድ ነው እንዴ? እዚህ እጅ በማውጣት አይሠራም።»

ዞር ብዬ እህቴ ናት ማለት ነበረብኝ። ወንበሩ ጠባብ ነው፤ ለመዞር አይመችም።

ንግግሯን ጀመረች። በየመሃሉ ጣቷን ወደ ኮሌታዋ ትሰዳለች። ስለ ማደሪያው ሕግ ተናገረች፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ቀጥላ «አንድ ልጅ ነበረኝ፤ የእህቴ ልጅ። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። እያንዳንዱን ተማሪ ሳይ እሱን ነው የማየው» አለች። ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ የነበሩት እንኳ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

ነበረኝ! እኔ እናቱ «ነበረኝ» የምትለዋ ቃል ገና ከጉሮሮዬ አልወጣችም። እሷ በድምፅ ማጉያ አለቻት።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ደወለች። «ጋዋኑን ሁሉም አደነቀው» አለች። ስለ ኮሌታው አላነሳችም። ለምን እንደማታነሳ አይገባኝም። ብታነሳ ኖሮ መልስ ነበረኝ።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

የልጄ መምህር ስፌት ቤት ድረስ መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሆስፒታልም ሲመጣ አልጋው እግር ሥር ቆሞ ይመለስ ነበር። ልጄ የተማሪነት ሥራውን ሁሉ ጨርሷል፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም አስረክቧል፣ የቀረው ቆሞ ማስረዳት ብቻ ነበር አለኝ። ትምህርት ክፍሉ ዲግሪው ይሰጠው ብሎ አቀረበ። ጉባኤው ተቀበለ። «ፕሬዚዳንቷ ጉዳዩ ሲነሳ ወጥተው ኮሪደር ላይ ቆዩ፤ እጃቸው የለበትም» አለ።

መቀሴን አስቀመጥኩ።

«ማን ነው የሚቀበለው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ። በምረቃው ቀን ስሙ ይጠራል፤ መድረክ ላይ ወጥተው ይቀበላሉ።»

«ከማን እጅ?»

ጥያቄዬ ገረመው። «ከፕሬዚዳንቷ ነዋ። ለሁሉም የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።»

ልጄን ከእጇ ልቀበል? እኔ ወልጄ፣ እሷ ልትሰጠኝ? ሕዝብ እያየ ጎንበስ ብዬ «አመሰግናለሁ፣ ክብርት» ልበል?

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። «ጎበዝ፤ ጨረሰው» አለ። ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ ስለ እጅ ሳስብ፣ እሱ ስለ ልጁ አሰበ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

አንድ ባለ ቀይ መነጽር መምህር ጋዋን ሊለካ መጣ። ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ የወደቀው እሱ ነው፤ ሬዲዮ ቀድማ በጆሮዬ ነግራኛለች። ደልደል ያለ፣ ጨዋ፣ ሽቶው የሚያውድ ሰው ነው። እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ደረቱን ስለካ እንዲህ አለኝ፤

«የልጅዎን ነገር ሰምቼ በጣም ነው ያዘንኩት። ጎበዝ ነበር አሉ።»

«አዎ።»

«በዚያ ሕመም ላይ ሆኖ ያን የመሰለ ጽሑፍ መጨረስ! እንዴት ቻለው?»

«ያስጻፈችው እሷ ናት» አልኩ።

«ማን?»

«አክስቱ ናታ። የተጻፈውም እሷ ቤት ነው። እሷን ይጠይቋት፤ እኔ ምን አውቃለሁ።»

መነጽሩን አውልቆ በዝግታ ጠረገው። «ያስጻፉት እሳቸው ናቸው?» አለ።

«እሷ ናት። ወገብዎን ልለካ ነው፤ ሆድዎን አይሳቡ።»

የነገርኩት እውነት ነው። «ቁጭ በል፣ ይህን ምዕራፍ ሳትጨርስ አትነሣም» እያለች ያስጻፈችው እሷ ናት። ሌላ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ሬዲዮ ገና በሩን ሳታልፍ፤ «ጉድ ነው! ጽሑፉን በሰው ነው ያስጻፉለት እየተባለ ነው። ለእህታቸው ልጅ ሲሉ!»

«ማን አለ?»

«ያላለ ማን አለ? ደግሞ ከቤተሰብ የወጣ ነው ይላሉ።»

አለቃችን ጉሮሮውን ጠራረገ። እሷም ማን ፊት እንደምታወራ አስታወሰችና ቁልፍ ጎረሰች፤ እንደ ልማዷ ሦስት አራቱን በአንዴ፤ እንዳትናገር።

እኔ ያልኩት ሌላ፣ እነሱ የሰሙት ሌላ። ቃሉ ቃል ነው። አስጻፈች አልኩ። ሌላ ምን አልኩ?

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ከዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ወረቀት ተለጥፏል። «ዲግሪ የቤተሰብ ንብረት አይደለም» ይላል በትልቁ። ከሥሩ የልጄ ስም። የልጄ ስም፣ ግድግዳ ላይ፣ ቀለሙ በዝናብ እየወረደ። ሁለት ተማሪዎች ቆመው ያነባሉ። «ማነው ልጁ?» አለ አንዱ። «የሞተ ነው አሉ። ለሞተ ሰው ዲግሪ ምን ያደርግለታል?»

ጃንጥላዬን ጥዬ ስሙ ያለበትን ብቻ ቀደድኩ። ኪሴ ውስጥ አለ። ሌላውን ተውኩት።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

አልደወለችም።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

አልደወለችም። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ አለች ሬዲዮ። በማደሪያዎቹ ውሃ ስለጠፋ ተማሪው ሌላ ብሶትም አለው፤ አንዱ ካንዱ ጋር ተጋባ። ለምን አትደውልም? ስትደውል አላነሳም፤ ሳትደውል ስልኩን ከእጄ አላወርድም።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

መጣች። በእግሯ፣ ያለ መኪና፣ ያለ ጃንጥላ። ጫማዋ ውሃ ይተፋል። ባለቤቴ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። ፎጣ አምጥቶላት ወደ ውስጥ ገባ።

አልተቀመጠችም። «እትዬ፣ ለዚያ ሰውዬ ምንድን ነው ያልሽው?»

«እውነቱን።»

«ቃሉን ንገሪኝ።»

«ያስጻፈችው እሷ ናት አልኩ። ውሸት ነው?»

ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያሰበች ነው። «ስትይው ሌላ ትርጉም እንዳለው ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«እሺ» አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ወንበሬን ባጣ ግድ የለኝም። ወንበር ለምጃለሁ፤ መነሣትም ለምጃለሁ። የሱ ዲግሪ ግን አብሮኝ ይወድቃል። ኮሚቴው ጽሑፉ የራሱ አይደለም ካለ በሌብነት ነው ስሙ የሚቀረው። የሚመጣው ማክሰኞ አንቺን ይጠሩሻል። ምን በይ አልልሽም። አንድ ነገር ባስጠናሽ፣ አሁንም አስባለቻት ይላሉ።»

ወጣች። ባለቤቴ ጃንጥላ ይዞ ተከትሏት ሮጠ።

ያ ሰውዬ መነጽሩን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ለምን እንደሚጠርገው ገብቶኛል። ገብቶኝም ወገቡን ለካሁ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ጋዋን፣ ጋዋን፣ ጋዋን። ጥቁር ጨርቅ ዓይን ያደክማል። አንዱን እጅጌ ገልብጬ ገጠምኩት። ፈታሁ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ ማታ

ከጠዋቱ ጀምሬ በተራ ልጻፍ፤ አለዚያ ይምታታብኛል።

ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። ረጅም ጠረጴዛ፣ መሃሉ ላይ ውሃ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

ሰብሳቢው «ልጅዎ የት ነበር የሚኖሩት?» አለ። ልጄን አንቱ አለው። ሬሳን ማክበር ይቀላል።

«እኔ ቤት።»

«ታዲያ ጽሑፉ በፕሬዚዳንቷ ቤት ለምን ተጻፈ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። «የስፌት መኪናዬ ስለሚጮህ ነው» አልኩ። «ማታ ማታ ሥራ ቤት አመጣለሁ። እያጠና "እማዬ፣ ትንሽ ያቁሙልኝ" ይለኛል። አንዳንዴ አቆማለሁ፤ አንዳንዴ ሥራው አጣዳፊ ነው። በኋላ መጠየቁን ተወና ወደሷ መሄድ ጀመረ።»

ሴትየዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ሁለተኛው ሰው ግን ወረቀት አገላብጦ «"ያስጻፈችው እሷ ናት" ብለዋል። ብለዋል ወይስ አላሉም?» አለ።

«ብያለሁ።»

«አስጻፈችው ማለት በሰው አስጻፈችለት ማለት ነው?»

ዝም ብል ያበቃል። አዎ ማለት እንኳ አያስፈልገኝም፤ ዝም ማለት ይበቃኛል። እህቴ መድረክ ላይ አትቆምም፣ ከእጇም አልቀበልም። ይህን ማሰቤን እጽፈዋለሁ፤ አስቤዋለሁና። ኪሴ ውስጥ ያ የቀደድኩት ወረቀት ነበር። በጣቴ ነካሁት፤ ጠርዙ ደርቋል።

«አይደለም» አልኩ። «እናት ልጇን ታበላዋለች እንጂ አትበላለትም። እህቴም አስጻፈችው እንጂ አልጻፈችለትም። የጻፈው ልጄ ነው። ስለ ከተማው የውሃ ቧንቧ ነው የጻፈው፤ ከመሬት ሥር የት የት እንደሚፈስ። እሁድ እሁድ ያነብልኝ ነበር። አይገባኝም፤ ግን ድምፁን አውቀዋለሁ። የሰው ጽሑፍ ሲያነብ ይቸኩላል። ያን ሲያነብ አይቸኩልም ነበር።»

ዝምተኛው መምህር በኋላ እንደነገረኝ፣ ልጄ በየሳምንቱ ያመጣለትን ረቂቅ ሁሉ እሱም አስረክቧል፤ እንደዚያም ቢሆን ያቺን አንዲት ቃል መፍታት የነበረብኝ እኔው ነኝ። እኔ ነኝ የቋጠርኳት።

በሩ ላይ ስደርስ ነው የታወቀኝ። እናት ያልኳት እሷን ነው። በገዛ አፌ፣ በሦስት ምስክር ፊት።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀምጣለች። ወደ ክፍሉ እንዳትጠጋ ከሩቁ ነው የጠበቀችኝ። ያልኩትን አልጠየቀችኝም። «እትዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው?» አለች።

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። «ሁሉን አገኘሽ! ትምህርቱን፣ ወንበሩን፣ ጭብጨባውን፣ አላልኩም። ልጄን ግን! በመጨረሻዋ ሌሊት እንኳ የጠራው አንቺን ነው!»

«እኔን?»

«እኔ አጠገቡ ሆኜ! ዓይኑን እንደጨፈነ "አንቺ፣ ደከመሽ እኮ፤ ተኚ እንጂ" አለ። "አክስትህ ነገ ትመጣለች" አልኩት። ዓይኑን ገልጦ አየኝና ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እትዬ፣ ያን ሌሊት እኔ የት ነበርኩ?»

«ቤትሽ ነዋ።»

«ቤቴ ተኝቼ። ታዲያ ማን ነው የደከመው? ለተኛ ሰው ተኚ ይባላል?»

«አይባልም» አልኩ።

«ከኔ ጋር ተወራርዶ ነበር» አለች። እያለቀሰች ትስቃለች፤ የምክር ቤት ሰው አትመስልም፤ አፍንጫዋ እንደ ልጅነቷ ቀልቷል። «"ሳልመረቅ አንድ ቀን እማዬን አንቺ እላታለሁ" አለኝ። "በመቀስ ነው የምትወጋህ" አልኩት። "ብትሰማኝ አይደል? ሐሳቧ ሁልጊዜ ሥራዋ ላይ ነው፤ ብላትም አትሰማኝም" አለ። እትዬ፣ አለሽ እኮ። አለሽና አልሰማሽውም። ለዚያ ነው የሳቀው።»

እላታለሁ። ብላትም። እላቸዋለሁ አላለም። በሌለሁበት እሷ ነበርኩ ማለት ነው።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንድ የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ እግራችንን እስክናነሣላት ድረስ ቆይተናል። ሁለታችንም አነሣን፤ እንደ ትንሽ ልጆች።

«ከእጅሽ አልቀበልም» አልኳት በመጨረሻ።

«እኔም አልሰጥሽም። ስሙ ሲጠራ ከወንበሬ እወርዳለሁ፤ ምክትሉ ይስጥሽ። እኔ አብሬሽ እወጣለሁ።»

«አብረሽኝ? እናቱ እኔ ነኝ።»

«ከኋላሽ።»

«ምን ያህል ከኋላዬ?»

«እትዬ!» አለች፤ ከዚያ እንደገና ሳቀች። «እንደፈቀድሽው።»

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ኮሚቴው ጽሑፉ የራሱ ነው አለ። ሬዲዮ ዜናውን ስትነግረኝ «እኔማ መጀመሪያም አላመንኩም» አለች። ሁላችንም እንደዚያው ነን።

የታናሼን ጋዋን አስመጥቼ ኮሌታውን ፈታሁት። አሰፋሁት። ጨርቁ አልነበረም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ዝናቡ እስከ አራት ሰዓት ወረደ፤ ከዚያ ቆመ።

ስሙ ተጠራ። ሙሉ ስሙ፣ ከነአባቱ። ባለቤቴ ክንዴን ይዞ እስከ ደረጃው አደረሰኝና «ከዚህ በላይ መስመሬ አይደለም» ብሎ ቆመ።

እሷ ከትልቁ ወንበር ተነሥታ በሌላው በኩል ወርዳ ዞራ መጣች። ሰዉ ምን እየሆነ እንዳለ አልገባውም፤ አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላዬ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች፤ እንደ ቃሏ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆምኩ። ዞሬ እጅጌዋን ያዝኩ። ያን እጅጌ የት እንደሚያዝ አውቃለሁ፤ ስፌቱ የኔ ነው።

«ነይ እንጂ» አልኳት።

ምክትሉ ወረቀቱን ሰጠኝ። አንዱን ጫፍ እሷ ያዘች። አልቀማኋትም። ባለ ቀይ መነጽሩ ከሁሉ በላይ ያጨበጭብ ነበር። ጋዋኑ ልኩ ነው።

ሐምሌ 6፣ እሁድ ማታ

ጋዜጣው ወጣ። ፎቶው ላይ ያለው የሷ ፊት ነው፤ እያለቀሰች፣ ደግሞ አምሮባት። ከኔ የታየው ክንዴ ብቻ ነው። ሥሩ «ፕሬዚዳንቷ የእህታቸውን ልጅ ዲግሪ ሲቀበሉ» ይላል።

ሲቀበሉ! ተመልከት እንግዲህ። ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ አጣጠፍኩት፤ ሁለት ጊዜ ዘረጋሁት። ከሥሩ በእስክሪብቶ «እና እናቱ» ብዬ ጻፍኩበት።

ዲግሪው በመስኮቱ በኩል ወንበሩ ላይ ነው። እስከ ዛሬ እዚያ ላይ ምንም አላስቀመጥኩም ነበር። ስፌት መኪናውን ከፍቼ የነገን ሥራ ልጀምር ብዬ ነበር፤ ግን ዛሬ መኪናው ጸጥ ይበል።

«አንቺ፣ ደከመሽ እኮ» አለ ባለቤቴ ከውስጥ። «ተኚ እንጂ።»

ቃል በቃል። ልጄ ቃሏን ከዚህ ቤት ነው የወሰዳት፤ ከአባቱ አፍ። ስንት ዓመት ሙሉ እየሰማሁ አልሰማኋትም።

እሺ።

እሺ ልጄ፣ ልተኛ ነው።